ከመንቀጥቀጡ በኋላ የጉድጓዱ ውሃ ለምን ተለወጠ?

ወንድሜ፣ ከሐርቡ የላክኸውን ጥያቄ አየሁት። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ የሰፈራችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ቀልቷል፣ ጣዕሙም ጨው ጨው ይላል፤ እሳተ ገሞራው ውሃችን ውስጥ ገብቶ ይሆን ወይ ነው ያልከው። አብሽር፣ እሳተ ገሞራ አልገባም። ግን መቅላቱንና ጨው ጨው ማለቱን ለያይተህ እያቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው።

በወሎ ቆላ በጉድጓድ ውሃ ሥራ ላይ ኖሬያለሁ። ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከጉድጓዱ የሚመጣ ነው። መሬቱ ሲናጥ በስንጥቁና በቱቦው ዙሪያ ለዓመታት የተኛ ደለል ይነሳል። ብረትና ማንጋኒዝም አብሮት ይነቀላል። ፓምፑ ሳይቋረጥ ሲሠራ ውሎ አድሮ ይጠራል። ሳምንታት አልፈው ካልጠራ ቱቦው ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

ጣዕሙ ግን በዋዛ አይታለፍም። ከደጋው የሚወርደው ውሃ በባዛልት አለት ውስጥ ስለሚያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል። ሳሙና እንደልብ የማያረፋው ለዚህ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ጥልቀት የሚወጣው ትኩስ ውሃ ደግሞ ባብዛኛው ሶዲየም (የገበታ ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ያመዝንበታል። በቦርከና ሸለቆ ፍል ውሃ እንዳለ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እንግዲህ ሁለቱ ውሃዎች ጎረቤት ናቸው፤ አጥራቸው ሸክላ አፈርና የተደፈነ ስንጥቅ ነው። መንቀጥቀጥ ስንጥቁን ከከፈተው ወይም የውሃውን ግፊት ከቀየረው ይደባለቃሉ። አዲስ የተሰነጠቀ አለትም ገና ውሃ ስላልነካው ማዕድኑን ቶሎ ይለቃል። ከታች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከወጣ ደግሞ ውሃው ይኮመጥጥና አለቱን ይበላዋል።

ዋናው ስጋት ፍሎራይድ ነው፤ ከአለት ወደ ውሃ የሚሟሟ ንጥረ ነገር። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ካልሲየሙ ይይዘውና ይዘቅጣል። ሶዲየም በበዛበት፣ ካልሲየም ባነሰበት ውሃ ግን የሚይዘው የለም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ በጣም በዝቶ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንት ይጎዳል። ውሃ አጋር ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። ማፍላት ደግሞ ጭራሽ ያብስበታል፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራል።

ከጥያቄህ ሥር አንዱ አስተያየት ሰጪ «መንቀጥቀጡ ያለበት አዋሽ ፈንታሌ የት፣ እኛ የት!» ብሏል። ታኅሣሥ 2017 በዚያው አካባቢ ባለው ዶፈን ተራራ ላይ እንፋሎትና ትኩስ ውሃ ከመሬት ሲፈናጠር በስልካችን አይተናል፤ እውነት ነው፣ እሱ ከእኛ ሩቅ ነው። ግን እኛም የራሳችን ስንጥቅ አለን። በ1953 ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ አፍንጫችን ስር ነው። ደግሞም ርቀት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በእሳተ ገሞራዋ አገር አይስላንድ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. 5.8 የደረሰ መንቀጥቀጥ ሁሳቪክ ከተማ ያለውን የጉድጓድ ውሃ ቀይሮታል። መነሻው ከከተማዋ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር።

እዚያው ሁሳቪክ መዳብ፣ ዚንክና ብረት መሬቱ ከመንቀጥቀጡ ሳምንታት ቀድመው ጨምረው ነበር። ይህን ይዞ «ውሃችን ስለተለወጠ ሌላ ሊመጣ ነው» እያለ በቴሌግራም ሰው የሚያስደነግጠውን ግን አትስሙት። ውሃ በዝናብም፣ በፓምፕ ብዛትም ይለወጣል። ቀን ቆጥሮ የሚነግር ውሃ እስካሁን አልተገኘም።

አሁን የምታደርጉት ይህ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር የተሠራ የላቦራቶሪ ውጤት ስለሚኖር ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ፈልጉት። ያለ እሱ የዛሬው ቁጥር ብቻውን ምን እንደተለወጠ አይነግራችሁም። ናሙና ስትቀዱ ፓምፑ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ። በንጹሕ ሃይላንድ ቅዱ፤ በዚያው ውሃ ደጋግማችሁ ካለቀለቃችሁ በኋላ። ብርጭቆ ለፍሎራይድ አይሆንም። ውጤቱ እስኪመጣ ለሕፃናት የሚሆነውን ከሌላ ምንጭ ቅዱ፤ ለልብስና ለከብት ግን አትጨነቁ። ከወር በኋላ ድገሙት፤ የተደባለቀው ውሃ አንዳንዴ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ገንዘብ ካጠረ ሁሉንም ማስመርመር አያስፈልግም፤ ፍሎራይድና ኢሲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፤ የሟሟውን ጨው ብዛት ያሳያል) ብቻ አስለኩ።