ወደ አእምሮ ጤና ጥናት ለምትገቡ ልጆቼ

ክሊኒካል ሳይኮሎጂ የጨረሱ ልጆች ሊያማክሩኝ ሲመጡ ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «በምን ርእስ ላይ ልሥራ?» ይሉኛል። የትኛው ርእስ ፈንድ እንደሚያገኝ፣ የትኛው ቶሎ ጆርናል ላይ እንደሚወጣ ማወቅ ይፈልጋሉ። አልፈርድባቸውም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እኔ ግን መልሼ «የት ለመቆየት አስባችኋል?» እላቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ሄዶ መጠይቅ አስሞልቶ መመለስ ስንት ሰው እንደታመመ ሊነግራችሁ ይችላል። ሕመሙ ያንን ሰው ከዓመታት በኋላ የት እንዳደረሰው ግን አይነግራችሁም። ይህን ለማወቅ ያው ቀበሌ፣ ያው ደጃፍ ደጋግሞ መሄድ ያስፈልጋል። የእኛ ሙያ ትልቁ ዕውቀት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ቡታጅራን ተመልከቱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚያ የገጠር ጤና ጥናት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ነው። መሠረቱ ስለነበረ፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያው አካባቢ ከ68,000 በላይ ጎልማሶችን ቤት ለቤት እየዞሩ ማጥናት ቻሉ። ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ አስተሳሰብን የሚያዛባ ሕመም)፣ ባይፖላር (ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ የሚያግል፣ አንዴ የሚጥል ሕመም) እና ከባድ ድብርት ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታተሏቸው። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር።

ከአሥር ዓመት ክትትል በኋላ የወጣውን ውጤት ሁላችሁም ብታነቡት እወዳለሁ። ክትትል ላይ ከነበሩት ከ900 በላይ ሰዎች ውስጥ ከመቶ 13 ያህሉ ሞተዋል። ዕድሜያቸው ከሌላው ሰው በ30 ዓመት ገደማ ያጠረ ነበር። ለግማሽ ያህሉ ሞት ምክንያቱ ተላላፊ በሽታ ነበር። ልብ በሉ፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ሞተ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ራሱን አጠፋ ብሎ ነው። እዚህ ግን ብዙዎቹን የገደላቸው ሌላውም ሰው የሚታመመው፣ ታክሞ የሚድንበት በሽታ ነው። ታማሚው ሲያስለው፣ ሲያተኩሰው ማን አየው? ማንስ ጤና ጣቢያ ወሰደው? አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ የተመለሰ አጥኚ ይህን ጥያቄ ሊያነሳው እንኳን አይችልም።

ከዚያው ሥራ ሌላም የምትማሩት አለ። አጥኚዎቹ በመጠይቅ ብቻ አልተማመኑም። አካባቢውን የሚያውቁ ነዋሪዎችንም «እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ?» እያሉ ጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን በመለየት በኩል ነዋሪዎቹ ከመጠይቁ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እንደ ድብርት ባለው የስሜት መታወክ ላይ ደግሞ መጠይቁ በለጠ። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ብቻውን እያወራ መንገድ ላይ የሚውለውን ሰው መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል። ቤቷ ተኝታ ውስጧ የሚያለቅስባትን ሴት ግን ጎረቤት «ደክሟት ነው» ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ ሁለቱንም ያዙ። ከእድር ዳኛው፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ቡና ከሚጠጡት እናቶች ጋር ቁጭ በሉ። ዳታ ሰብሳቢ ቀጥራችሁ አዲስ አበባ ሆናችሁ ኤክሴል የምትጠብቁ ከሆነ ግን ሌላ ሥራ ብትይዙ ይሻላችኋል። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ሐኪም አይደለን፣ መድኃኒት አናዝ፣ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» ስትሉ እሰማለሁ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች ጋር የተሠራውንና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 የታተመውን ጥናት አንብቡት። ሁሉም በጤና ጣቢያ ሕክምና ያገኙ ነበር። ለተወሰኑት ግን ተጨማሪ ነገር ተሰጣቸው፤ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው እየሄዱ ቤተሰቡን አስረዱ፣ ታማሚው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለስ ረዱ። ከዓመት በኋላ እነዚህኞቹ ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ መምራት ቻሉ። ይህ የእኛ ሙያ ነው፤ አታሳንሱት።

ቤት ለቤት ስትሄዱ የታሰረ ሰው ታያላችሁ። እግሩ በሰንሰለት፣ እጁ በገመድ። ደማችሁ ይፈላል፤ ይገባኛል። ግን አሳሪዋ እናቱ ናት። ሰው እንዳይመታ፣ ሰው እንዳይመታው፣ ጅብ እንዳይበላው ብላ ነው ያሰረችው። ጸበል ወስዳዋለች፣ ያላትን በግ ሸጣለች። ፊቷ ላይ ፍርድ ከጣላችሁባት ምንም አትነግራችሁም፤ ልጇም እንደታሰረ ይቀራል። ይልቅ «እማማ፣ እንዴት ችለው ኖሩ?» በሏት። ጸበልንም አታንቋሽሹ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ጸበሉንም እንዲጠመቅ ከካህኑ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የታመመ ሰው አግኝታችሁ፣ መጠይቁን ሞልታችሁ፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ መውጣት አይገባም። በቡታጅራ ጥናት የተለዩት ታማሚዎች ሕክምና እንዲያገኙ ተደርጓል። እናንተም ፕሮፖዛል ስትጽፉ የት እንደምትልኩት፣ ትራንስፖርቱን ማን እንደሚከፍል፣ መድኃኒቱ ቢያልቅ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ስታቲስቲክስ ተማሩ፤ ሰው ላይ ጥገኛ አትሁኑ። ክፍያው ብዙ አይደለም፤ ይህንንም አውቃችሁ ግቡ። የምትሰሙት ነገር ሲከብዳችሁ ለሱፐርቫይዘራችሁ ንገሩ እንጂ ቤታችሁ ይዛችሁት አትሂዱ።

አንድ የማስቸግራችሁ ነገር ይቀረኛል። በጀት ስትሠሩ ውጤቱን ለሕዝቡ መልሳችሁ የምትነግሩበትን ወጪ አስገቡ። አዳራሽ ኪራይ፣ ቡና፣ ቆሎ፣ የመኪና ነዳጅ። ገንዘብ ሰጪው «ይህ ምንድነው?» ብሎ ሊሰርዘው ይሞክራል። ተከራከሩለት። ቀበሌው ተሰብስቦ ያገኛችሁትን ሲሰማ «ይህ ልክ ነው፣ ያኛው ግን እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም» ይላችኋል። ቀጣዩን የጥናት ርእስ ፍለጋ ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት እዚያ የተባለውን ጽፋችሁ ያዙ።