ተርጓሚዋ የ10 ዓመት ልጅ ናት

ጥያቄ፦ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንድ የስደተኛ ቤተሰብ ከገባ ሰባት ወሩ ነው። ልብስም የቤት ዕቃም ሰጥቻቸዋለሁ። አመስግነው ይቀበሉና በራቸውን ይዘጋሉ። የማወራው ከ10 ዓመት ልጃቸው ጋር ብቻ ነው፤ ቋንቋችንን የምትችለው እሷ ናት። ማታ ማታ የሚጎትቱት ወንበር እንቅልፍ እንደነሳኝ ለአባቷ እንድትነግርልኝ በቀደም ለመንኳት። አንዲት አጭር ነገር ብላው ዝም አለች። ወንበሩም መጎተቱን ቀጠለ። ሰው መቅረብ አይፈልጉም ማለት ነው?

መልስ፦ እኔን ይመኑኝ፤ ልጅቷ አልነገረችውም።

እኔም የስደተኛ ልጅ ነበርኩ። በ11 ዓመቴ ሐኪም ቤት ለእናቴ አስተረጉም ነበር። ሐኪሙ “ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል” አለኝ። እኔ የቀሚሴን ጫፍ ጣቴ ላይ እየጠመጠምኩ “መድኃኒት ይሰጥሻል ብሏል” አልኳት። እናቴ “ተመስገን” ብላ ፈገግ አለች። እውነቱን የሰማችው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከሌላ ሰው ነው። ስታለቅስ ማየት አልፈለግኩም፣ በቃ። የጎረቤትዎም ልጅ አባቷን እንድትቆጣልዎት ነው የተላከችው።

ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ያሳርፏት። ለወንበር ጉዳይ የስልክ መተርጎሚያ ይበቃል። አጭር አጭር አድርገው ይጻፉ፤ ተረትና ምሳሌ ከጨመሩበት ጉድ ይፈላል። ለሐኪምና ለፍርድ ቤት ግን የሰለጠነ አስተርጓሚ ነው የሚያስፈልገው።

ወደ በሩ እንምጣ። ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳለው፣ ሰዎች ስለተያዩ ብቻ አይቀራረቡም፤ እኩል ሆነው ለአንድ ዓላማ ሲሠሩ ነው። (ሕግና ባለሥልጣን ሲደግፋቸውም ብሏል፤ እሱ ከእርስዎ አቅም በላይ ነው።) እርስዎ እስካሁን ሰጪ ነዎት፣ እነሱ ተቀባይ። እናቴም ልብስ ይዛ ለምትመጣ ጎረቤታችን በሩን ቶሎ ትዘጋ ነበር። መልሳ የምትሰጣት ነገር ስለሌላት ታፍራለች። አንድ ቀን ሌላዋ ጎረቤት የተተረተረ መጋረጃ ይዛ መጣች። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አትችልም፤ መጋረጃውን እያገላበጡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳቁ።

አባትየው ምን ሙያ አለው? ጠይቀውት ያውቃሉ? የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ስለ ሥራ መብት ይናገራል፤ ብዙ አገሮች ግን ያንን አንቀጽ እንዳለ አንቀበልም ብለው ነው የፈረሙት። ባለሙያ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

የወንበሩን ድምፅ ደግሞ እግሩ ሥር የሚለጠፍ ወፍራም ጨርቅ ያጠፋዋል። ገዝተው ሰጥተው እንዳይመለሱ፤ ያው ምጽዋት ይሆናል። መቀስ ይዘው ይውጡና “አብረን እንለጥፈው” ይበሉት።