ቦቢ ብቻውን ሲቀር

ውድ አምደኛ፣

የምጽፍልዎት ከአያት ኮንዶሚኒየም ነው። ቦቢ የሚባል የአራት ዓመት ውሻ አለን። ያደገው ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። ተከራይም ሠራተኛም ስለማይጠፋ ቀኑን ሙሉ ሰው አያጣም ነበር። ዘንድሮ ኮንዶሚኒየም ገባን። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ሥራ ስንወጣ እሱ ብቻውን ይውላል።

ማታ ስንመለስ የምናገኘው ጉድ ነው። በሩ ሥር ለሐጩ ተንጠባጥቧል። የበሩን ቀለም በጥፍሩ ቧጥጦ ጨርሶታል። ቤት ውስጥ ሸንቶ የማያውቅ ውሻ ሳሎን ይሸናል። ጎረቤቶች ሲያላዝን ይውላል ይላሉ፤ አንዲት እናትማ «ይሄ ሟርት ነው» ብለው ለብሎክ ኮሚቴው ከሰውናል። ባለቤቴ ደህና አድርጎ ቢገረፍ ይታረማል ባይ ነው። እህቴ ደግሞ አብዶ እንዳይሆን ብላ ፈርታለች። እኛ ካለን ግን እንደ ድሮው ይበላል፣ ይጫወታል። ቁልፍ ሳነሳ ነው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ

ውድ እህቴ፣

በእህትሽ ስጋት ልጀምር፤ እኛ አገር የእብድ ውሻ በሽታ የሚናቅ ነገር አይደለም። የታመመ ውሻ መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ይቀየራል፣ ያገኘውን ይነክሳል ወይም ሽባ ይሆናል። በቀናት ውስጥም ይሞታል። እናንተ ስትመጡ ደህና፣ ስትሄዱ በሽተኛ አይሆንም። ቢሆንም የዓመት ክትባቱ አልፎ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትይ አስከትቢው። አንድ ቀን ውሻ ከነከሳችሁ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ቦቢን የያዘው ብቻ የመቅረት ፍርሃት ነው። ሰው ባልተለየው ግቢ ላደገ ውሻ ባዶ ቤት መዋል ቀላል አይደለም። በሩን የሚቧጥጠው እናንተን ተከትሎ ሊወጣ ነው፤ የሚያላዝነው ሊጠራችሁ ነው። ሽንቱም ከድንጋጤ ነው እንጂ ሊበቀላችሁ አይደለም።

ስለዚህ ዱላው ይቅር፤ ይህን ለባለቤትሽ አጥብቀሽ ንገሪልኝ። ማታ ተመልሳችሁ ስትገርፉት ጠዋት ካጠፋው ጋር አያገናኘውም። የሚገባው ስትመጡ እንደሚመታ ብቻ ነው። ጆሮውን ጥሎ ሲያቀረቅር ጥፋቱን ያወቀ ይመስላል፤ ግን የፊታችሁን ቁጣ አይቶ ነው የሚፈራው። ያኔ መሄዳችሁም መምጣታችሁም ያስጨንቀዋል።

በቁልፉ ጀምሪ። ቁልፍሽን አንሺና የትም ሳትሄጂ ቁጭ በይ። በቀን ውስጥ ደጋግሚው፤ ድምፁን ሰምቶ ዝም እስኪል ድረስ። ቀጥሎ በሩን ከፍተሽ ዝጊ። ከዚያ ውጪና ሳይደነግጥ ተመለሺ፤ መጀመሪያ ለሰከንዶች፣ ሲለምድ ለደቂቃዎች። ማላዘን ከጀመረ አብዝተሽበታል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ መለስ በይ። ስልክሽን ቪዲዮ ላይ አድርገሽ ትተሽው ውጪ፤ ጭንቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚብሰው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለሆነ መቼ እንደሚጀምረው ታያለሽ።

ሥራ ከመሄድሽ በፊት ደህና አድርገሽ አንሸራሽሪው። ስትወጪ የተቀቀለ ሳንባ ስጪው። ጥሬውን አደራ! በጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ ያለው የትል እጭ በውሻው በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። የሰጠሽውን ሳይነካው ከጠበቀሽ ግን ከመብላት በላይ ተጨንቋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ከባዱ ነገር ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ብቻውን ቀኑን ሙሉ አለመተው ነው፤ ካልሆነ የገነባሽው በአንድ ቀን ይፈርሳል። የሚያውቀው ዘመድ ቤት ይዋል፣ ወይም እየከፈላችሁ የሚጠብቀው ሰው ፈልጉ። ወጪ መሆኑ ይገባኛል። ለውጥ ከሌለው የእንስሳት ሐኪም ከልምምዱ ጋር የሚወሰድ የጭንቀት መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። የሰው ማስታገሻ በራስሽ እንዳትሰጪው።

ከሳሽሽን እናትም ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ውሻው ቤት ቀይሮ እንደፈራ፣ እያለማመድሽው እንደሆነና እስከዚያው ቀን ቀን ሌላ ቦታ እንደሚውል ንገሪያቸው። ለኮሚቴውም ይህንኑ አስረጂና ጥቂት ጊዜ ለምኚ።