ባዶውን ቅጠል አትዝለሉት

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት ከአሮጌ ወረቀትና ከብራና ጋር ነው። ስለይ፣ ስመዘግብ፣ የተቀደደ ስጠግን ጸጉሬ ነጥቶ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ቤት ቁጭ ብዬ ስለ አገራችን ታሪክ ስትከራከሩ እሰማችኋለሁ። ክርክራችሁን አልጠላውም፤ ስለ አገሩ የሚሟገት ወጣት ደስ ይለኛል። ልቤን የሚያሳዝነው በዚያ ሁሉ ሙግት ውስጥ "ሰነዱን ራሴ አንብቤዋለሁ" የሚል መጥፋቱ ነው። አንዱ ከሌላው የሰማውን ይዞ ይፋለማል፤ ያም ሌላው ከሌላ ሰምቶ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የብራና መጻሕፍት ልመዘግብ ወደ አንድ የገጠር ደብር ተላክሁ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት መሪጌታ አንድ ትልቅ ወንጌል ከማኅደሩ አውጥተው ፊቴ አኖሩልኝ። እኔ ሥዕሉን ለማየት ቸኩዬ የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ገለጥ ገለጥ አድርጌ አለፍኩ። መሪጌታው እጃቸውን ዘርግተው ገጹን ወደ ኋላ መለሱትና "ልጄ፣ ባዶውን ቅጠል ለምን ዘለልሽው?" አሉኝ።

ባዶ አልነበረም። ከወንጌሉ ጽሕፈት በተለየ እጅ፣ ቀጠን ባለ ብዕር የተጻፈ የመሬት ሽያጭ ሰፍሮበታል። ሻጭ አለ፣ ገዥ አለ፣ ዋስ አለ፣ እማኝ አለ። የደብሩ አለቃ ማን እንደነበረ፣ ዓመቱም ዘመነ ማን እንደነበረ ተጽፏል። ከሻጮቹ አንዷ ሴት ነበረች። ስሟን በየትኛውም ዜና መዋዕል አታገኙትም። ግን መሬት ነበራት፣ ሸጠችው፣ ዋስ ጠራች፣ ቃሏም በወንጌል ላይ ተጻፈ። "የድሮ ሴት ርስት አልነበራትም" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያቺ ሴት ትዝ ትለኛለች።

ያን ዘመን ሰው ውሉን የሚያስቀምጥበት መዝገብ ቤት አልነበረውም። ስለዚህ ማንም ደፍሮ የማይነካው መጽሐፍ ላይ ያስጽፈው ነበር። በተለይ ከጎንደር ዘመን የተረፉልን የመሬት ማስታወሻዎች ብዙዎቹ በመጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ያሉ ናቸው። በመጨረሻም ብዙ ጊዜ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ" የሚል ግዝት ይከተላል፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ይህም ሆኖ ሰው ፍቋል። መጽሐፉን መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት ተመልከቱት፤ የተፋቀው ቦታ ከሌላው ሻከር ብሎ ይታያል። የቀድሞው ባለቤት ስም ተነሥቶ የአዲሱ ገብቷል፤ የአዲሱ ስም ከቦታው ካጠረ በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ማን ማንን እንደተካ የሚነግረን ይህ ክፍተት ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ የምንለው ይኸው ነው፤ ነገሩ በተፈጸመበት ዘመን፣ በነገሩ ውስጥ በነበረ ሰው እጅ የቀረ። ደብዳቤ፣ ውል፣ ድንጋይ፣ ሳንቲም፣ ፎቶግራፍ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሽማግሌ ቃል ሁሉ ይገባበታል። አሮጌ መሆኑ ግን እውነተኛ አያደርገውም። ብቻውን ያለ ሰነድ እንደ ብቸኛ ምስክር ነው፤ ሁለተኛ ምስክር ፈልጉለት።

የውጫሌን ውል እዩ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ እንደሚል ከልጅነታችሁ ሰምታችኋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ያያችሁ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የአማርኛው ጽሑፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ "ይቻላቸዋል" ይላል። የጣሊያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ነው፤ ሮማ የያዘችውም እንደ ግዴታ ነው። የአገር ዕጣ በአንድ ግሥ ላይ ተንጠለጠለ። እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ 19ኛው አንቀጽ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ድረስ አያነብም። ውሉ በሁለቱ ቋንቋዎች መጻፉን፣ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም እንደሚስማሙ፣ ሁለቱም እኩል እንደሚታመኑ ይናገራል። ከሁለት አንቀጽ በፊት የተለያዩት ጽሑፎች! የ17ኛውን ወሬ ብቻ የሰማ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። ሙሉውን ያነበበ ደግሞ አፄ ምኒልክ በምን እምነት እንደፈረሙ ይገባዋል፤ አማርኛቸውን ይዘው ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ የጻፉትም፣ መልሱ "በኢጣሊያ በኩል ይሁን" ብሎ ሲመጣባቸው የተቆጡትም ለዚህ ነው። ውሉን መሻራቸውን በ1885 ዓ.ም. አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ሆነ።

በሁለት ቋንቋ ሁለት ዓይነት መናገር በአገራችን የቆየ ነገር ነው። አክሱም ሂዱ። ንጉሥ ኢዛና ቀደም ባሉት ጽሑፎቹ ራሱን የጥንቱ የጦር አምላክ የማሕረም ልጅ ይላል፤ በግሪክኛው ያው አምላክ አሬስ ተብሏል። በኋለኛው የግዕዝ ጽሑፍ ማሕረም ቀርቶ "እግዚአ ሰማይ" መጣ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 የተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ ክርስቶስንና ሥላሴን በግልጽ ይጠራል። አንድ ንጉሥ ለአገሩ ሰው "የሰማይ ጌታ" ብሎ ያለፈውን፣ ግሪክኛ ለሚያነበው እንግዳ አፍረጥርጦ ተናገረ። ምክንያቱ ምን ይሆን? እኔ ሕዝቡን በዝግታ ሊያለማምድ ፈልጎ ይመስለኛል፤ ሌላ የሚሉም አሉ። ሳንቲሞቹን ብትደረድሯቸው ይህንኑ ታያላችሁ፤ የቀድሞዎቹ ላይ ክብና ግማሽ ጨረቃ ነበር፣ ከዚያ መስቀል ተተካ። ከመዳፍ ባነሰች ብረት ላይ የእምነት ለውጥ በዓይን ይታያል።

በ16ኛው መቶ ዓመት ኢማም አሕመድ በክርስቲያኑ መንግሥት ላይ ያካሄዱትን ዘመቻ ያነበባችሁትም ከአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን። ዓረብ ፈቂህ በዓረብኛ የጻፈው ከኢማሙ ሠራዊት ጎን ሆኖ ነው፤ የአፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል በግዕዝ ከማዶ ያለውን ይነግራል። አባቶቻችሁ የቆሙበትን ወገን ስታነቡ የማዶውንም አብራችሁ አንብቡ። አንዱ የደስታ ቀን ያለው ለሌላው የለቅሶ ቀን ሆኖ ስታገኙት ጦርነት ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ሦስተኛ ዓይን ከፈለጋችሁም ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ አለ። በፈረንጆች ከ1520 እስከ 1526 እዚህ ቆይቶ፣ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን አገር ጽፎልናል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ሲገልጽ አንባቢ እንዳያምነው ሠግቶ፣ እውነት መሆኑን በአምላክ ስም ምሏል። እንግዳ ብዙ ነገር ይስታል፤ እኛ ስለለመድነው የማንጽፈውን ግን እሱ ይጽፈዋል።

ስለ ቀን አቆጣጠር የምነግራችሁ ከራሴ ጥፋት ነው። አንድ ማስታወሻ ላይ ያለውን የግዕዝ ቁጥር 1716 ብዬ አንብቤ መዘገብኩት። በእጅ ጽሕፈት ፮ና ፯ በጣም ይመሳሰላሉ። ከጎኑ "ዘመነ ማቴዎስ" የሚል ነበረ፤ እያየሁት አለፍኩት። ዓመታት ቆይቶ አንዲት ታናሽ ባልደረባዬ አስልታ አረመችኝ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 አካፍሉት። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 1716 ዘመነ ዮሐንስ ነበረ፤ ስለዚህ ጸሐፊው የጻፈው 1717 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔን መዝገብ አምነው የጠቀሱ ሰዎች ስሕተቴን ይዘው ሄደዋል። አሁንም ያንገበግበኛል።

ያልተጻፈውን አትናቁ። በቦረና የታሪክ አዋቂዎች የአባ ገዳዎችን ስም በተራ ይቆጥራሉ፤ አንዱ አባ ገዳ ስምንት ዓመት ስለሚመራ የስሞቹ ሰንሰለት ራሱ የዘመን መቁጠሪያ ነው። በወሎና በሐረር የአገሩን ቋንቋ በዓረብኛ ፊደል የጻፉ ሊቃውንት ዐጀሚ ጥራዝ ትተውልናል፤ ያን የሚያነብ ወጣት በጣም ያስፈልገናል። የለቅሶና የፉከራ ግጥምም ሰነድ ነው። መቅደላ ላይ ስንት ሰው እንደሞተ ግጥም አይነግራችሁም፤ አፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ የሰው አንጀት እንዴት እንደተላወሰ ግን ከግጥም በቀር የሚነግራችሁ የለም።

መቅደላን ካነሣሁ አይቀር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ ከሄደ ወዲህ 350 የሚያህሉ የብራና መጻሕፍት በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። "ዘሰረቆ" የሚለው ግዝት ወታደሩን አላስቆመውም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትን ካልመለሳችሁልኝ የአገሬ ሰው አይታዘዘኝም ብለው ጽፈው፣ ያ መጽሐፍ በፈረንጆች 1872 ተመልሷል። መጽሐፍ ለመንግሥት ምን ማለት እንደነበረ ለማወቅ ያ ደብዳቤ ይበቃል።

አሁን መንገዱ ከእኛ ዘመን ይልቅ ለእናንተ ቀሏል። ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የድሮ ጋዜጣ ጥራዞች፣ ብርሃንና ሰላምም አዲስ ዘመንም፣ የሚገልጣቸው ይጠብቃሉ። በፈረንጆች 1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥራዞችን ከጥፋት አትርፏል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ሆነው ለብዙ ዓመታት ዘርዝረዋቸዋል፤ ብዙው ዛሬ በስልካችሁ በነፃ ይነበባል። ግዕዝ ተማሩ። ዓረብኛ የምትችሉ ጥራዞቹ ይጠብቋችኋል። አንድ ገጽ በሳምንት ብታነቡ እንኳ በዓመቱ ሌላ ሰው ትሆናላችሁ።

ደግሞም ከቤታችሁ ጀምሩ። የአያታችሁ ሣጥን ውስጥ የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ውል፣ ከጦር ሜዳ የመጣ ደብዳቤ ይኖራል። ላስቲክ ውስጥ አታሽጉት፣ በፕላስተር አትጠግኑት፤ ፕላስተሩ ቆይቶ ወረቀቱን ያቢጫዋል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከእርጥበት አርቁት። ፎቶግራፍ ካለ አያታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉና በውስጡ ያሉትን ከግራ ወደ ቀኝ እየጠቆማችሁ ስማቸውን ጠይቁ። ድምፃቸውን ቅዱ፣ ቀኑን ጻፉ። ስሞቹን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ከጀርባው ዳር ላይ ጻፏቸው። አያታችሁ "ይህቺኛዋን ረሳኋት" ካሉም ቦታዋን ክፍት ተዉላት፤ ነገ ተነገ ወዲያ ትዝ ስትላቸው ይጠሯችኋል።