ዋርፋሪኑን «አቁሚ» የሚላት ሰው ሲመጣ

ወንድሜ፣ «የ23 ዓመት እህቴ አዲስ አበባ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት በሚቀጥለው ሳምንት ደሴ ትገባለች፤ ምን እንጠንቀቅ?» ያልከውን ሳነብ የራሴ ጉዳይ መስሎኝ እንጀራ መጋገሬን ትቼ መጻፍ ጀመርኩ። እኔም የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ደሴ ነው። የልጅነት ቶንሲል ልቤን ጎድቶት በ2010 ሰኔ ላይ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ወጥቶ የብረት ገባልኝ። የእህትህም የብረት ይመስለኛል፣ ለወጣት ብዙ ጊዜ እሱን ነው የሚያደርጉት። ስለ ቁስሉና ስለ ዕረፍቱ ሲያስወጧት ነግረዋችኋል፣ እኔ አልደግመውም።

1ኛ. ዋርፋሪኗን፣ ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ትዋጥ። እኔ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው የምውጠው። በረመዳንም ካፈጠርኩ በኋላ ስለሚሆን ሰዓቱ አይለወጥብኝም። (መጾም መቻሏን ግን መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ።)

2ኛ. ጎመን። «ጎመን እንዳትቀምሺ» የሚሏት ጎረቤቶች ይበዛሉ። ክልክል አይደለም። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ስለሚቀንስ አይ ኤን አሩን (ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካውን የምርመራ ቁጥር) የሚያዘበራርቀው አንድ ሳምንት ጠግቦ በልቶ ወሩን ሙሉ መተው ነው። በሳምንት ሁለቴ ከለመደች ሁለቴ ትብላ።

3ኛ. የወር መርፌው፣ ልብ የሚጎዳው የቶንሲል ሕመም እንዳይመለስ የሚሰጠው። ቫልቩ ስለተቀየረ መርፌው ቀረ ማለት አይደለም። ለእኔ የታዘዘልኝ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ4 ሳምንቱ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ የሐኪም ወረቀት በእጄ ይዤ ሦስት ጊዜ መልሰውኛል። «ይሄ መርፌ ሰው ይገድላል፣ እኛ አንወጋም» ነው መልሳቸው። በአራተኛው ኃላፊው ቢሮ ገብቼ፣ ለዓመታት ስወጋው የኖርኩበትን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «ብሞት ማን ሊጠየቅ ነው?» አልኩት። ያን ቀን ተወጋሁ፣ ከዚያ ወዲያም ማንም አልመለሰኝም። እናንተም እንዳታፍሩ። ከተወጋች በኋላ ቦታው ደም እንዳይቋጥር ረዘም አድርጋችሁ ጫኑላት።

4ኛ. ጥርስ። ይህን ሁለቴ አንብበው ወንድሜ፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው።

የብረት ቫልቭ ድምፅ አለው። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ደረቴ ውስጥ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። እናቴ መጀመሪያ ፈራችው፣ በኋላ ግን እሱን ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ኅዳር 2012 መንጋጋዬን አመመኝና አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሰውየው ዋርፋሪን እንደምወስድ ስነግረው «ሳምንት አቁሚና ነይ» አለኝ። ለልብ ሐኪሜ ልደውል አላለኝም፣ እኔም አልደወልኩም። ሳምንት አቁሜ ተነቀለልኝ። ከዚያ ደግሞ ቁስሉ ይደማል ብዬ በራሴ ፈቃድ አምስት ቀን ጨመርኩበት። በ12ኛው ቀን ማታ እናቴ አጠገቤ ጋደም ብላ «ልጄ፣ ሰዓትሽ ድምፁ ጠፋ እኮ» አለችኝ። ጆሮዋን ደረቴ ላይ አስጠግታ አዳመጠች። ቀጭታው ታፍኗል፣ ጨርቅ ውስጥ እንደተጠቀለለ ሰዓት።

ጠዋት ከቤቴ እስከ መንገዱ ያለችውን ትንሽ ዳገት ሦስት ጊዜ አርፌ ወጣሁ። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ፋይልሽ የለም፣ ነገ ነይ» ብላ መስኮቱን ዘጋችብኝ። ለምኜ ስገባ ተረኛው ደረቴን እንኳ ሳያዳምጥ «ወጣት ነሽ፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ጻፈልኝ። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ያ መርፌ ደም ሊያፈስ እንደሚችል አውቅ ስለነበር አልወጋም ብዬ ወጣሁ። በዚያ አሁንም አልጸጸትም። ንግግሩ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ከአባቴ ጋር 400 ኪሎ ሜትሩን ተሳፈርን። አዲስ አበባ ሲለካ አይ ኤን አሬ 1.1፤ ለእኔ ቫልቭ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን ነበረበት። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሣ ከቫልቩ ሁለት ክንፎች አንዱ ደም ረግቶበት አይንቀሳቀስም። ዘጠኝ ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቼ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥሬ ተሰጠኝ። አባቴ ሁለት በሬ ሸጠ። በስድስተኛው ቀን ሌሊት ድምፁ ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ፤ እኔ ራሴ ነቅቼ ሰማሁት።

የልብ ሐኪሜ ያለኝ ይህን ነው፦ አይ ኤን አሩ በልኩ ከሆነ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ዋርፋሪን ሳይቆም፣ በጋዝ በደንብ ተጭኖ ይነቀላል፤ ከመነቀሉ በፊት ግን ቫልቩ እንዳይመረቅዝ ፀረ ተህዋሲያን ይወሰዳል። በ2015 ሌላ ጥርስ አስነቀልኩ። ሐኪሞቹን በስልክ አገናኘኋቸው፣ አይ ኤን አሬ 2.7 ነበር፣ አንድም ቀን አላቆምኩም። በማግስቱ ሥራ ገባሁ።

ከመውጣቷ በፊት አዲስ አበባ እያላችሁ የሐኪሟን ስልክ ያዙ። ትዳር ካሰበች ደግሞ ሳታረግዝ ትጠይቅ፣ ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስ ይጎዳል።

መድኃኒቱንም ሁልጊዜ የሁለት ወር አስቀድማችሁ ግዙ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ደብረ ብርሃን የደረስኩት ልብስ ሳልይዝ ነው፣ የዋርፋሪን ቆርቆሮዬ ግን ሻሼ ውስጥ ተቋጥሮ ነበር።

ደሴ ስትገቡ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አይ ኤን አር ሳያመላልሱ የሚሠሩበትን ላቦራቶሪ እነግርሃለሁ። ከፈለገችም መጀመሪያውን ቀን እኔ ይዣት እሄዳለሁ።