ማዳበሪያ፣ ሴፍቲኔት፣ ብድር፦ «ምዝገባው መቼ ነው?» ላላችሁኝ

«ስለ መንግሥት ድጋፍ ጠይቁኝ» ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለሠራሁ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት «የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» ብላችሁ ነው። እኛ ዘንድ ግን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቀን ብዙም የለም። ማዳበሪያ የሚያስፈልገው ሰኔ ላይ ነው፤ ስም የሚጻፈው ደግሞ ገበሬው ስለ ማዳበሪያ ፈጽሞ በማያስብበት፣ የዘንድሮው ሰብል ገና ማሳ ላይ ባለበት ሰሞን ነው። ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚያ ላይ ነው። በሉ ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ልወስድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋ ብሄድ «ስምህ የለም» አሉኝ። መቼ ነበር መመዝገብ የነበረብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማዳበሪያው የሚገዛው ከውጭ ነው። ግዥውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ ከጨረታ በፊት ስንት ኩንታል እንደሚፈለግ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ልማት ሠራተኛው፣ ማለትም የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ከገበሬው ይጠይቃል፣ ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል እየደመረ ይልክና መጨረሻ ላይ ግብርና ሚኒስቴር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ነው ግዥው፣ መርከቡ፣ ጅቡቲ ወደብ፣ የዩኒየኑ (የማኅበራቱ ኅብረት) መጋዘን፣ ከዚያም ያንተ ቀበሌ መሠረታዊ ማኅበር። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። አንተ ሰኔ ላይ ስትመጣ ዝርዝሩ ከተዘጋ ከርሟል።

ለከርሞ መስከረም ሲጠባ ልማት ሠራተኛውን ፈልገው። «መዝግበኝ» ብለህ ብቻ አትመለስ። ስንት ሄክታር፣ ምን ሰብል ብሎ እንደጻፈልህ በዓይንህ እይ፤ የሚደርስህ መጠን የሚሰላው በዚያ ነው። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ሩብ ተብሎ ተጽፎ ዓመቱን ሙሉ ሲነታረክ አይቻለሁ።

ለዘንድሮው ደግሞ ተስፋ አትቁረጥ። ተመዝግበው ያልወሰዱ ሰዎች አይጠፉም፣ የእነሱ ድርሻ ሲተርፍ ይከፋፈላል። ስምህን በተጠባባቂነት አስይዝ። ዩሪያ ዘግይቶ ቢመጣም ከአረም በኋላ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሲጨመር ይሠራል። ከደላላ ግን አትግዛ። ከሕጋዊው መስመር ውጭ የሚሸጥ ማዳበሪያ ሲያዝ ይወረሳል፣ ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለም ማረጋገጫ የለህም።

ጥያቄ፦ የራሴ መሬት የለኝም፣ የሰው መሬት በእኩል ነው የማርሰው። ማዳበሪያ ይሰጡኛል?

መልስ፦ ይሰጡሃል፣ ግን ወረቀት ይፈልጋሉ። በቃል ተስማምቶ ማረስ የለመድነው ነገር ነው፤ ችግሩ ባለመሬቱ በራሱ ስም አንድ ጊዜ ከወሰደ ላንተ በዚያው ማሳ ሁለተኛ አይጻፍም። ከባለመሬቱ ጋር ውል ጻፉ፣ ቀበሌው ያለው የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ጋ አስመዝግቡት። ማዳበሪያውን ማን እንደሚያወጣም ውሉ ውስጥ ይግባ። የማኅበሩ አባል አለመሆንህ ብቻውን አያስከለክልህም፤ ማኅበራቱ አባል ላልሆነ ገበሬም ግብዓት ያቀርባሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። የመሬት ደብተሩ ላይ ያለው የእሱ ስም ነው። ብድርም ማዳበሪያም ስጠይቅ «ባለቤቱ ይምጣ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ደብተሩን በደንብ ይዩት። ብዙዎቹ ደብተሮች የባልና የሚስት ፎቶና ስም ጎን ለጎን ያለባቸው ናቸው፤ ስምዎ ካለበት እርስዎም ባለይዞታ ነዎትና «ባለቤቱ ይምጣ» ሊባሉ አይገባም። በእሱ ስም ብቻ ከሆነ ደግሞ የሞት ማስረጃ ከቀበሌ፣ የወራሽነትና የሚስትነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተው ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር ይሂዱ። ሲያመለክቱ የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን ያስጽፉ። ደግሞ ይህን ሥራ ለክረምት አያቆዩት። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ስለሚዘጉ ያኔ ቢጀምሩት ይጓተታል። የባሉ ዘመዶች ይግባኝ ይሉ ይሆናል፣ እሱንም አስበው ጊዜ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ሴፍቲኔት ለመግባት ማመልከቻው የት ነው የሚሞላው?

መልስ፦ የሚሞላ ማመልከቻ የለም። ልማታዊ ሴፍቲኔት ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦችን በገንዘብ ወይም በእህል የሚደግፍ፣ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፤ የሚሠራውም የምግብ እጥረት አለባቸው ተብለው በተመረጡ ወረዳዎች ብቻ ነው። ወረዳችሁ ውስጡ ከሌለ የትም ብትሄዱ አይሳካም፣ እግራችሁን አታድክሙ። ካለበት ግን መራጩ የአካባቢው ሰው ነው። ቀበሌ ውስጥ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል የሚባል ኮሚቴ አለ፤ ማን ቤት እህል እንዳለቀ፣ ማን በሬ እንደሌለው እየተነጋገረ ይለያል፣ ዝርዝሩም ለሕዝብ ይቀርባል። የልየታው ሰሞን የሕዝብ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሥራው በብዙ ቦታ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ስለሚሆን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። ስብሰባ የቀረ ሰው በኋላ «ረሱኝ» ቢል የሚሰማው ያጣል።

ጉልበት ያለው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራል፦ እርከን፣ መንገድ፣ ኩሬ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ የሚጦራቸው የሌለ ሰዎች ግን ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡሮችና አራሶችም ለጊዜው ከሥራው ይወጣሉ፣ ክፍያው አይቋረጥባቸውም። ይህን የማያውቁ ስንት እናቶች ድንጋይ ሲሸከሙ ይውላሉ! ጤና ጣቢያ ተመርምራችሁ ወረቀቱን ለቀበሌው ስጡ።

ጥያቄ፦ እኛን «ተመርቃችኋል»፣ ማለትም ራሳችሁን ችላችኋል፣ ብለው ከሴፍቲኔት አስወጡን። ምንም የተቀየረልን ነገር የለም። የት ነው አቤት የሚባለው?

መልስ፦ ቀበሌው ውስጥ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። የመረጠው ኮሚቴና ቅሬታ ሰሚው የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ አንድ ዓይነት ሰዎች ከሆኑ እሱ ራሱ ቅሬታ ነው። ዝርዝሩ እንደተሰማ ወዲያው አቅርቡ፣ ክፍያ ከተጀመረ በኋላ ስም ማስገባት በጣም ከባድ ነው። «ድሃ ነኝ» ብቻ አትበሉ። ስንት ወር ከቤታችሁ እንደምትበሉ፣ ስንት ከብት እንዳላችሁ፣ ማን እንደታመመ ዘርዝሩ። መልስ ካጣችሁ ወደ ወረዳ ውጡ።

ጥያቄ፦ ቤት የለኝም፣ መኪና የለኝም፣ ባንክ ምን አስይዤ ያበድረኛል?

መልስ፦ ድሮ ይህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። አሁን በ2011 ዓ.ም የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ፣ ቁጥር 1147፣ ከብትንም ሰብልንም በመሬት የመጠቀም መብትንም ማስያዝ ፈቅዷል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324ም የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝን ይፈቅዳል። «መሬቴን ይሸጡብኛል» ብላችሁ ለምትፈሩ፣ መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም። ዕዳ ካልተከፈለ የሚነካው የመጠቀም መብታችሁ ነው፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለምና ስንት ዓመት እንደሚይዙት ሳታነቡ አትፈርሙ።

ካርታ ያለበት ሁለተኛ ደረጃ ደብተር ካላችሁ ነገሩ ይቀላል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም አውጡ፣ ባንኮች እየጠየቁ ነው። ብድር ጠያቂው የሚበዛው ሰኔ ላይ ነው፣ እናንተ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጨርሱ። ስለ ወለዱ ብቻ ሳይሆን መክፈያው መቼ እንደሚደርስም ጠይቁ። ኅዳር ላይ ክፈሉ ካሏችሁ ሁሉም ገበሬ እህሉን በአንድ ሰሞን ያወጣል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ ትርፋችሁ እዚያው ይቀራል። እኔ ብሆን ሁለት ወር ለማራዘም እከራከር ነበር።

ጥያቄ፦ በረዶ ሰብሌን አወደመው። ካሳ አለ?

መልስ፦ ኢንሹራንስ ካልገባችሁ ካሳ የሚባል የለም። ሊኖር የሚችለው እርዳታና የዘር ድጋፍ ነው፣ እሱም የሚመጣው በሪፖርት ነው። ማሳውን ሳትገለብጡ በማግስቱ ልማት ሠራተኛውን ጥሩ፣ በስልክም ፎቶ አንሱ። ጉዳቱ ከወረዳው ሪፖርት ላይ ከሌለ ከመኸር በኋላ የሚደረገው የእርዳታ ፍላጎት ጥናት አያገኛችሁም። ክረምቱ ገና ካልወጣ ደግሞ እንደ ሽምብራና ጓያ ያለ በቀሪ እርጥበት የሚበቅል ዘር ቶሎ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ መሬቴ አሲዳማ ነው ተብያለሁ፣ ኖራ እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ አፈሩ ተመርምሮ መጠኑ ይታዘዛል። ኖራ ከመዘራቱ ቢያንስ ከወር በፊት ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ስለዚህ ጥያቄውን በበጋ አቅርብ። መጓጓዣው ከባድ ስለሆነ ከጎረቤቶችህ ጋር በአንድ ላይ ጠይቁ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ መኪና አይላክም።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ «መንግሥት ለገበሬ ገንዘብ እየሰጠ ነው፣ 300 ብር ከፍላችሁ ፎርም ሙሉ» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሌቦች ናቸው። ለምዝገባ በግለሰብ ስልክ ገንዘብ የሚያስልክ የመንግሥት ድጋፍ የለም። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ።

ጥያቄ፦ ትራክተር ከቀረጥ ነፃ ይገባል ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ አዎ፣ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ የእርሻና የመስኖ መሣሪያዎች ቀረጥ ተነስቶላቸዋል። ለአንድ ገበሬ ግን ዋጋው አሁንም አይቀመስም። አምስት ስድስት ሆናችሁ ተደራጁና በልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስ ጠይቁ፣ ባንኩ መሣሪያውን ገዝቶ እናንተ በኪራይ መልክ እየከፈላችሁ የምትጠቀሙበት ማለት ነው፤ እዚያ መሣሪያው ራሱ ዋስትና ስለሆነ ሌላ ንብረት ማስያዝ ላይ አያስጨንቋችሁም፣ ቅድሚያ መዋጮ ግን አለው። ስለ አዘራርና ስለ ተባይ ለጠየቃችሁኝ ወደ ገበሬዎች የስልክ መረጃ መስመር 8028 ደውሉ፣ ነፃ ነው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ይመልሳል።