መልስ፦ ሆያ ሆዬ ስሰማ የሰፈር ልጆች ለምን ትዝ ይሉኛል?
ሆያ ሆዬ ስትሰማ የልጅነት ጓደኞችህ ለምን ድቅን እንደሚሉብህ ጠይቀሃል። ብቻህን ዘፍነኸው ስለማታውቅ ይመስለኛል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው "ሆ!" እያለ ይቀበላል፣ ዱላው መሬት ይመታል። ዜማው የተቀረጸብህ ከነሱ ድምፅ ጋር ነው። ደግሞ በዓመት አንዴ፣ ነሐሴ 13 የቡሄ ሰሞን ስለሚዘፈን ሌላ ትዝታ ብዙም አይደራረብበትም። ዓመቱን ሙሉ ሬዲዮ ላይ የሚደጋገም ዘፈን እንዲህ አያደርግም። ትዝታን የሚያጠኑ ባለሙያዎችም ከ10 እስከ 30 ዓመት ገደማ ያለው ዕድሜ ጎልቶ እንደሚታወስ ይናገራሉ። ለእኔ ግን ዋናው የሙልሙሉ ክፍፍል ነው። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ! ገንዘብ ያዡማ ሁሌም ይጠረጠራል። (ሴቶቹም በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ብለው ሲመለሱ ያው ነበሩ።) የአንዱ ስልክ ካለህ ደውልለትና አውጪው ማን እንደነበር ጠይቀው። "እኔ ነበርኩ" እንደሚልህ አልጠራጠርም።